ከጀማ ማዶ ያየሁት ብርሃን

ባለፈው ጥር ወር የዓመት ዕረፍቴን ምክንያት በማድረግ፣ በሰሜን ሸዋ በመርሐቤቴ ገጠር የሚኖሩትን አክስቴን ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። አውቶቡሱ የጎጃምን መንገድ ይዞ ከሄደ በኋላ ሙከ ጡሪ ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፍና ለሚን አልፎ የጀማን ሸለቆ ቁልቁል ይያያዘዋል። ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ዓለም ከተማ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ወደ አክስቴ ቤት የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ አለ። የኤሌክትሪክ ምሰሶ እስከዚያ አይዘልቅም።

በእጄ የያዝኩት ካርቶን የፀሐይ ኃይል መብራት ነበረበት። ነገሩ ለእኔ ከስጦታ ይልቅ ዕዳ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከመንገድ ዳር በርካሽ ያገኘሁትን ሶላር ዋስትናውንም ጠጋኙንም ሳልጠይቅ ገዝቼ ልኬላቸው ነበር። መብራቱ ክረምቱ ሳይወጣ ተበላሸ፤ አክስቴም ሳይነግሩኝ ወደ ኩራዛቸው ተመለሱ። አንድ ምሽት ኩራዙ ተገልብጦ የልጅ ልጃቸውን ክንድ አቃጠላት። ጠባሳውን ያየሁት ገና ከቤት እንደገባሁ ነው።

«እትዬ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?» አልኳቸው።

«የሰጠሽኝን ላጣጥልብሽ ኖሯል፣ ልጄ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

በማግሥቱ ከከተማ የመጣው ባለሙያ ባለ 10 ዋቱን ሰሌዳ የዛፍ ጥላ በማያገኘው የቆርቆሮው ክፍል ላይ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ጥቂት አዘንብሎ አሰረው። ሰሌዳው ቀን የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ባትሪው ያጠራቅማል፤ ማታ አምፖሎቹ ይበራሉ። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ እንደሚያስፈልግና በክረምት ደመና ሲበዛ ኃይሉ እንደሚቀንስ ለምራታቸው አስረዳት። መሰላሉን የምትወጣው እርሷ ናትና።

ያን ምሽት ባለጠባሳዋ ልጅ ደብተሯን ዘርግታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ምራታቸው ስንዴ ለቀመች፤ አክስቴ ጥጣቸውን ፈተሉ። የነጭ ጋዝ ሽታና ጥቀርሻ አልነበረም። ስልክ ለማስሞላት ብቻ ገበያ መውረድም ቀረ።

አክስቴ አምፖሉን ሲመለከቱ ቆይተው፣ «መብራቱስ ደግ ነው፤ እንጀራውንስ ይጋግራል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል፤ ይህ ሰሌዳ ደግ ፀሐይ ሲያገኝ እንኳ የሚሰጠው 10 ዋት ነው። እንግዲህ ኩራዙ ቢወርድም የምድጃው ጭስ ገና ከቤት አልወጣም። የእናቶችን ዓይንና የሕፃናትን ሳንባ የሚጎዳው፣ ጫካውንም የሚያራቁተው የማገዶው ነገር ነው። ስለዚህ ከሶላሩ ጎን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና የጭስ መውጫ ያስፈልጋሉ።

እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ የምትገኘው ሬማ በዚህ ረገድ ትምህርት ትሰጣለች። በ1990ዎቹ ማብቂያ አንድ የጀርመን የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን በዚያች መንደር ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ቤቶችን በሶላር እንዲበሩ ሲያደርግ፣ ሰሌዳ አድሎ ብቻ አልሄደም። ቤተሰቡ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እንዲከፍል፣ የገጠር ወጣቶችም የጥገና ሙያ የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዲከፈት አድርጓል። ጠጋኝ የሌለው መብራት ዕድሜው ስንት እንደሆነ እኔ ከአክስቴ ቤት ተምሬአለሁ።

እኅቶቼ፣ በየበዓሉ ለገጠር ዘመዶቻችን ነጠላና ስኳር ስንልክ ኖረናል። ሶላር ለመላክ ያሰባችሁ ካላችሁ ከዋጋው በፊት ዋስትናውን፣ በአቅራቢያው ጠጋኝና መለዋወጫ መኖሩን ጠይቁ። ያረጀ ባትሪም ከጓሮ አይጣል። በአንዳንዱ ውስጥ ያለው እርሳስና አሲድ ለልጆችም ለውኃም መርዝ ነውና፣ ሳይሰበር ሳይከፈት ለሚረከብ ነጋዴ ወይም ባለሙያ ይመለስ።

ስሰናበታቸው አክስቴ አሮጌውን ኩራዝ ከመደርደሪያው አውርደው አሳዩኝ። «ይህንንስ አልጥለውም፤ ክረምቱን ልየው» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። እስከዚያው የባለሙያውን ስልክ በትልልቅ ቁጥር ጽፌ በሩ ጀርባ ለጥፌላቸዋለሁ።