የአባታችን መጋዝ



አባታችን፣ አላህ ይዘንለት፣ እዚሁ ቁሓ አናጺ ነበር። በር፣ መስኮት፣ አልጋና ቁም ሳጥን ይሠራል። እኛ ልጆቹ ያደግነው ሰጋቱራ ላይ እየተንከባለልን ነው። የቤት ኪራዩም፣ ደብተራችንም፣ የዒድ ልብሳችንም የወጣው ከአንድ መጋዝ ነው።

መጋዙን ላላያችሁት እንንገራችሁ። ከጠረጴዛው በስተኋላ ምሰሶ ቆሟል። ከምሰሶው ጫፍ የብረት ክንድ ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ሞተሩና ክቡ ምላጭ ክንዱ ላይ ተንጠልጥለዋል። እንጨቱን በግራ እጅ ይዘህ ሞተሩን በቀኝ እጅህ ወደ ራስህ ትጎትታለህ። አባታችን የገዛው ያገለገለ ሆኖ ነው። የግራ እጁን የሌባ ጣት ጫፍ የወሰደበትም ይኸው መጋዝ ነው። እሱ ግን «የአናጺ ማኅተም ነው» እያለ ይስቅ ነበር፤ እኛም አብረን እንስቃለን።

በጦርነቱ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሥራ ሲቆም በሸራ ጠቅልለን አኖርነው። መብራት ተመልሶ ቁልፉን ስንጫን ተነሣ። እናታችን ከጓዳ ድምፁን ሰምታ አለቀሰች። «አባታችሁ የተመለሰ መሰለኝ» አለችን። ከዚያ በኋላ ለእኛ ተራ ዕቃ አልነበረም።

ነገሩ የተነሣው ሥራ ሊለምድ እኛ ዘንድ በሚውለው የጎረቤት ልጅ ነው። ዕድሜው 16 ነው። አንድ ቀን ከዙህር በኋላ ጠማማ የባሕር ዛፍ ሞራሌ ሲቆርጥ ምላጩ እንጨቱን ነከሰና ሞተሩ በራሱ ወደ ልጁ ተወረወረ። የአውራ ጣቱን ጥፍር ገፎ አለፈ። አልሐምዱሊላህ፣ ጣቱ ተረፈ። ልጁ ለማስመሰል ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ማታ ግን አንዳችንንም እንቅልፍ አልወሰደንም።

በማግስቱ ለምላጩ የሚሆን መከለያ ስልክ ላይ መፈለግ ጀመርን። ያገኘነው ግን ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤመርሰን የተባለ ኩባንያ እንዲህ ዓይነት መጋዞችን ይሠራ ነበር፤ ሲርስ የተባለው የመደብር ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1992 ድረስ ክራፍትስማን በሚል ስም ይሸጣቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ኩባንያው ከሀገሪቱ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ጋር ሆኖ 3.7 ሚሊዮን ለሚያህሉ መጋዞች ጥሪ አወጣ። ሲሸጡ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መከለያ አልነበራቸውም፤ እጅ ምላጩን ሊነካ፣ እንጨትም ተስፈንጥሮ ሰው ሊመታ ይችላል ተባለ። መከለያ ለሚገጠምላቸው በነጻ ተሰጠ። ለማይገጠምላቸው ደግሞ የመጋዙን ዋና ክፍል መልሶ ለላከ ሰው 100 ዶላር ተከፈለ።

የእኛ መጋዝ የዚያ ኩባንያ ሥራ አይደለም። አንዳችን «እንግዲያው እኛን አይመለከትም» አለ። ደስ ብሎን ልንቀበለው ነበር። ግን አሠራሩ ያው ነው፤ ምላጩም ከታች ራቁቱን ነው። የምላጩ ጥርስ እንጨቱን ወደ ኋላ ሲገፋ ሞተሩን ወደሚጎትተው ሰው ይስበዋል። እንጨቱ ጠማማ ከሆነ ወይም ምላጩ ከነከሰ፣ የሰው እጅ ሳይቀድመው ደርሶ ይገኛል። አባታችን ጥንቁቅ ሰው ነበር፤ ጥንቃቄው ግን ጣቱን አላዳነለትም።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባን። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ዕቃ ሦስትና አራት እጅ ዞሮ ነው የሚመጣው። ወረቀት የለውም፤ ስማችን የትም አልተመዘገበም። አደጋ አለው ተብሎ ቢታወጅ እንኳ በራችንን የሚያንኳኳ የለም። ጥሪውን ራሳችን ለራሳችን ማድረግ አለብን።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ንም አነበብን። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት አደገኛ ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ይከለክላል። ወላሂ፣ አፈርን። የሰው ልጅ አደራ ተቀብለን ምላጭ ፊት አቁመነው ነበር።

መጋዙን እንተወው ስንል ወሬው ተሰማና ገዢ መጣ። የሰጠን ዋጋ ደህና ነበር፤ ገንዘቡም ያስፈልገናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥቡን ከሥር እንዳገኙት፣ ሻጩንም ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው እንደጠየቁት ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ጉድለቱን ሳንደብቅ ነገርነው። «ግድ የለም፣ እጠነቀቃለሁ» አለ። እኛም ስንት ዓመት ሙሉ ያልነው ይህንኑ ነው። ደግሞ ቆራጩ እሱ አይደለም፤ እሱ ዘንድም ሥራ የሚለምድ ልጅ አለ። ጉድለቱን መናገራችን ያንን ልጅ አያድነውም። አልሸጥንለትም።

ከባዱ ለእናታችን መንገር ነበር። አንዳችን «እኛ ቁሓዎች አሮጌ ነገር እንጥላለን እንዴ?» አለ። እውነት አለው። እዚህ የተገኙት በዐረብኛ የተጻፉ የሙስሊም መቃብር ድንጋዮች ከ800 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ እንዲጠበቁ እንፈልጋለን። ድንጋዮቹ ግን ማንንም አይቆርጡም። እናታችን ሁሉን ሰምታ ዝም አለች። ቆይታ «ያን ቀን ደሙን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ እናንተ ማኅተም ትሉታላችሁ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ቅዳሜ ፈታታነው። ሞተሩን ሞተር ጠምጣሚ ለመዳቡ ወሰደው። ምላጩን ለሁለት ቆረጥነው፤ ክንዱና ምሰሶው በኪሎ ተሸጡ። ጠረጴዛውን ግን አስቀረነው፤ አባታችን በእርሳስ ያሰመራቸው የልክ ምልክቶች አሁንም ይታያሉ።

አሁን መከለያ ያለው መጋዝ ለመግዛት እያጠራቀምን ነው። እስከዚያ የምንቆርጠው በእጅ መጋዝ ነው። ሥራ ይዘገያል፤ አንዳንድ ደንበኛም ትቶን ሄዷል። ልጁ ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ በብርጭቆ ወረቀት እንጨት ያለሰልሳል።

ወንድሞችና እህቶች፣ በየቤታችንና በየሥራ ቦታችን የምንወደው፣ ግን የምንፈራው ዕቃ አለ። ማን ላይ ጉዳት እንዳደረሰ እናስታውስ፤ ነገ ማን እጅ እንደሚገባም እናስብ። አላህ እጆቻችንንና በአደራ የያዝናቸውን ልጆች ይጠብቅልን። አሚን።