መስከረም በስሜን ተራሮች

መስከረም አጋማሽ ላይ ከልጄና ከሁለት የልጅ ልጆቼ ጋር ወደ ስሜን ተራሮች ወጣን። ትንበያው ለሰሜን ጎንደር ከፍተኛ ቦታዎች ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ እንደሚኖር ተናግሮ ነበር። ጎንደር ከተማ ግን ፀሐይ ነበረችና ወፍራም ልብሱን ሻንጣ ሥር ቀበርነው። በነርስነቴ ዘመን ለዚህ ዓይነት ስህተት ስንቱን ወላጅ ተቆጥቻለሁ!

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በግምት 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨነቅ ከ3,600 ያልፋል። ጎንደር 23 ዲግሪ ቢሆን እዚያ 14 ነው፤ ያውም ነፋሱና እርጥበቱ ሳይቆጠር።

ጠዋት ሳንቃበር ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ጭላዳዎቹ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ከቀትር በኋላ ጨነቅ አካባቢ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሣ፣ ወዲያው በረዶ ቀላቅሎ ዘነበ። ትንሹ፣ የ5 ዓመቱ፣ ረጥቦ ተንቀጠቀጠ። መንቀጥቀጡስ ደግ ነው፤ ሰውነት ሙቀት እየፈጠረ ነው። እኔን ያስፈራኝ ዝም ማለቱ ነበር። ብርድ የመታው ልጅ ከፈዘዘ፣ አንደበቱም ከተሳሰረ፣ ጊዜ የለም።

እርጥቡን ሁሉ አውልቄ፣ ራሱን ሸፍኜ፣ ከደረቴ ጋር በጋቢ ተጠቀለልን። ጠባቂያችን «እናቴ፣ እሳት ዳር ይቅረብ?» አለኝ። የደነዘዘ ገላ ሲቃጠል አይሰማውምና እምቢ አልኩ። ነቃ ሲል ለብ ያለ ሻይ በስኳር ጠጣ።

«እማማ፣ ጭላዳውም ጋቢ ለብሷል» አለኝ።

በማግስቱ ማልደን ወጥተን፣ ጉሙ ሳይነሣ ተመለስን።