ሽሮ የምትባል ጥንቸል

እኛ ቤት እንስሳ ያለ ሥራ አይኖርም ነበር፡፡ ውሻው ይጠብቃል፣ ድመቷ አይጥ ትይዛለች፣ ዶሮዎቹ እንቁላል ይጥላሉ፡፡ በጉም ቢሆን ለበዓል ይመጣና ሁለት ቀን ግቢ ውስጥ ጮኾ ሥራውን ይጨርሳል፡፡ ስለዚህ በ2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰሞን ታናሽ እህቴ በጫማ ካርቶን አንዲት ጥንቸል ይዛ ስትገባ አያቴ የጠየቀችው ጥያቄ ተገቢ ነበር፡፡ «እሺ፣ ይቺ ደግሞ ምን ልትሆነን ነው?»

መልስ የሰጣት የለም፡፡ ለዶሮ ወጥ ዶሮ አለ፤ ጥንቸል ግን አትበላም፡፡ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ከግመልና ከሽኮኮ ጋር ተቆጥራለች፡፡ ታመሰኳለች፣ ነገር ግን ሰኮናዋ ስላልተሰነጠቀ ርኩስ ናት፡፡ አያቴ (እምዬ ነው የምንላት) ይህን በቃሏ ታውቀዋለች፡፡ ለአንድ ወር ያህል ካርቶኑን በእግሯ ገፋ ታደርገው ነበር እንጂ በእጇ አልነካችውም፡፡

ጥንቸሏን የሰጠን የጎረቤት ልጅ ነው፡፡ ሁለት ጥንቸሎች ያሳድግ ነበር፤ ሁለቱም ወንድ ናቸው ብሎ፡፡ የጥንቸል እርግዝና አንድ ወር ገደማ ብቻ ነው፣ በወለደች ማግስትም ልታረግዝ ትችላለች፡፡ ሁለቱ ወንዶች በስድስት ወር ውስጥ ግቢውን ሲሞሉት ልጁ እየዞረ ለሰፈሩ ማደል ጀመረ፡፡ ለእኛ የደረሰችው ቀለሟ ልክ የሽሮ ዱቄት ስለሚመስል እህቴ ሽሮ አለቻት፡፡ አባቴ ሳቀና «ጥሩ ነው፣ የፆም ናት» አለ፡፡ እምዬ አልሳቀችም፡፡

ነገሩ የተቋጨው የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ የመጡ ዕለት ነው፡፡ እምዬ ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ሸሽጋው ነበር፤ ሽሮ ግን ጠበሉ ሲረጭ ዘልላ ወጥታ መሀል ቤት ቆመች፡፡ አባ ትንሽ አይተዋት «አትብሏት ነው እንጂ የተባለው አታሳድጓት አልተባለም» ብለው መርጨታቸውን ቀጠሉ፡፡ ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም፡፡

ጥንቸል ማሳደግ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፡፡ ካሮት መስጠት ነው፣ አለቀ፡፡ ካርቱን ያደገበት ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስበው፡፡ በእርግጥ ግን ዋናው ምግቧ ሳርና ድርቆሽ ነው፡፡ ካሮት ስኳር ስላለው እንደ ከረሜላ በትንሹ ነው፣ ጥቅል ጎመን ሲበዛባት ሆዷ ይነፋል፡፡ ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ በሳር ካልተሞረደ ራሷን መብላት እስኪያቅታት ይረዝማል፡፡ ሳር ባጣች ጊዜ ደግሞ ያገኘችውን ትቀረጥፋለች፡፡ የእኔን የስልክ ቻርጀር፣ የእህቴን የሒሳብ ደብተር፣ አንድ ጊዜም የኤሌክትሪክ ምጣዱን ገመድ በልታዋለች፡፡ ደግነቱ ሶኬቱ ተነቅሎ ነበር፡፡ እናቴ ለሦስት ቀን እንጀራ ከሱቅ እየገዛች ከሽሮ ጋር አልተነጋገረችም፡፡

የሰፈር ልጆች በጆሮዋ ማንሳት ይወዱ ነበር፡፡ ይህ ማሠቃየት ነው፡፡ ጆሮዋ እጀታ አይደለም፤ ሙቀት የምታስወጣበት፣ ደም ሥር የሞላበት አካሏ ነው፡፡ ሲያነሷት የኋላ እግሯን ካልደገፉላት ተወራጭታ የገዛ ጀርባዋን ልትሰብር ትችላለች፡፡

እምዬ የጎጃም ገጠር ልጅ ናት፤ ጥንቸል ታውቃለች፡፡ «የእኛ አገር ጥንቸል ቤት አትገባም» ትለን ነበር፡፡ እኛ የከተማ ልጆች ስቀን እናልፋታለን፤ እሷ ግን ልክ ነበረች፡፡ በአማርኛ ሁለቱንም ጥንቸል እንበላቸው እንጂ የሜዳዋና የቤቷ የተለያዩ ናቸው፡፡ የሜዳዋ ጉድጓድ ሳትቆፍር ሣር ውስጥ ትተኛለች፣ ልጆቿም ፀጉር ለብሰው ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ፡፡ የቤቷ ጥንቸል ዝርያ ከወደ ስፔንና ፖርቱጋል የመጣ ነው፤ ልጆቿ ራቁታቸውን፣ ዓይናቸውም ተጨፍኖ ነው የሚወለዱት፡፡

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የማመስኳቷ ነገር ነው፡፡ ጥንቸል እንደ ላም አራት ክፍል ያለው ጨጓራ የላትም፡፡ ነገር ግን ከሁለት ዓይነት ኩሷ ለስለስ ያለውን በቀጥታ ከራሷ ወስዳ መልሳ ትበላዋለች፤ ሳሩ ሁለተኛ ይፈጫል ማለት ነው፡፡ ይህን ለእምዬ ስነግራት ትጸየፋለች ብዬ ነበር፡፡ እሷ ግን ቡናዋን አስቀምጣ «ታዲያ መጽሐፉ ታመሰኳለች ያለው ለዚህ ነዋ!» አለች፡፡ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይህንኑ ትተርካለች፤ አንዳንዴ ሰው እየበላ ሳለ ጭምር፡፡

አንድ ሌሊት ደግሞ ሽሮ ግቢ ውስጥ በኋላ እግሯ መሬቱን ድው፣ ድው ማድረግ ጀመረች፡፡ ጥንቸል ስትፈራ እንደዚህ ታስጠነቅቃለች፡፡ እምዬ ባትሪ ይዛ ስትወጣ የዶሮው ቆጥ በር ግማሹ ተገንጥሏል፡፡ ሸለምጥማጥ ይሁን ድመት አላየንም፤ ዶሮዎቹ ግን ሙሉ ነበሩ፡፡ ውሻው ተኝቶ ነበር፡፡ እምዬ ጠዋት «ዕድል ነው» ብላ አቃለለችው፤ የጎመኑን ቅጠል ግን በእጇ ስትሰጣት ያየሁት በዚያው ጠዋት ነው፡፡

በ2016 ዓ.ም ፒያሳ አካባቢ የነበረው ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ወደ ኮንዶሚኒየም ገባን፡፡ ሦስተኛ ፎቅ ነው፡፡ ግቢ የሚባል ነገር የለም፡፡ ውሻውን የአባቴ የሥራ ባልደረባ ወሰደው፣ ዶሮዎቹ ዶሮ ወጥ ሆኑ፣ ድመቷን ደግሞ በዕቃ መጫኛው ቀን ብንፈልጋት ብንፈልጋት አጣናት፡፡ ከነዚያ ሁሉ ባለሥራዎች መካከል ፎቅ የወጣችው ሥራ የላትም የተባለችው ብቻ ናት፡፡ ምክንያቱም አትጮህም፡፡

በሁለተኛው ሳምንት መብላት አቆመች፡፡ አዲሱ ሰፈር ገና ግንባታ ስለነበር ሳር የሚባል አልነበረም፡፡ ጥግ ላይ ተኩራምታ ጥርሷን ታፋጫለች፤ ኩሷም ቆሟል፡፡ ድመት ወይም ውሻ አንድ ቀን ሳይበላ ቢውል ብዙ አያስጨንቅም፡፡ ጥንቸል ግን አንጀቷ መንቀሳቀስ ካቆመ በአንድ ቀን ልትሞት ትችላለች፤ ማስታወክ እንኳን አትችልም፡፡ እህቴ ማልቀስ ጀመረች፡፡ እናቴ ደግሞ የወሩ መጨረሻ መሆኑን ታስባለች፡፡ ለዕቃ መጫኛ የተበደርነውን ገና አልከፈልንም፡፡ «ለጥንቸል ሐኪም ቤት? በዚህ ብር ስንት ሊትር ዘይት ይገዛል!» አለች፡፡ እናቴን ጨካኝ ያላት ሰው ካለ የወር አስቤዛ ገዝቶ የማያውቅ ነው፡፡ አባቴ ዝም አለ፡፡

እምዬ ተነስታ ነጠላዋን ለበሰች፡፡ ሽሮን በዘንቢል አድርጋ በላይዋ ሻርፕ ጣል አደረገችባትና «ነይ፣ ሐኪሙ ያለበትን አሳዪኝ» አለችኝ፡፡ ሁለት ታክሲ ለወጥን፡፡ ሁለተኛው ላይ ረዳቱ ዘንቢሉን አይቶ «እማማ፣ ዶሮዋ ስንት ገባች?» አላት፡፡ «አትሸጥም» አለችው፡፡

የእንስሳት ሐኪሙ በብዛት የሚያየው ላምና ውሻ እንደሆነ ነገረን፤ ግን ሆዷን ዳብሶ አዳመጠና መዘጋት አለመኖሩን አይቶ ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ሰጣት፣ የሕመም ማስታገሻም ወጋት፡፡ ቦታ መለወጥና ድርቆሽ ማጣት ተደራርቦባት ነው አለ፡፡ የከፈልነው 1,200 ብር ነው፡፡ እምዬ ከመቀነቷ ጫፍ ፈትታ ቆጠረችለት፤ ለምን ያስቀመጠችው ብር እንደነበር እስከዛሬ አልነገረችንም፡፡

በማግስቱ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ እህቴ ቀሰቀሰችኝ፡፡ ወለሉ ላይ አምስት ጥቃቅን ኩስ ነበር፡፡ በኩስ እንዲህ የተደሰተ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም፤ እናቴም ተነስታ አየች፡፡

አሁን እምዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቡና የሚጎዘጎዝ ሳር ከሚሸጡት ልጆች ሁለት እስር ትገዛለች፡፡ አንዱ ለጉዝጓዝ ነው፣ አንዱ ለሽሮ፡፡ ልጆቹም አውቀዋት ለስላሳውን ይመርጡላታል፡፡ ሽሮ ስድስት ዓመት ሊሆናት ነው፤ በደንብ የተያዘች የቤት ጥንቸል ስምንትና ከዚያ በላይ ዓመት ትኖራለች፡፡

ችግሩ ከታች ያሉት ጎረቤታችን ናቸው፡፡ ሽሮ ሌሊት መኪና ባለፈ ቁጥር ወለሉን ድው ታደርጋለች፤ እሳቸው ደግሞ የሌሊት ሥራ የሌለበት ሰው ምን ይወቅጣል ብለው ለኮሚቴው ከሰውናል፡፡ አባቴ ከሥሯ አሮጌ ፍራሽ አንጥፎላታል፡፡ እምዬ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ራሷ ሄዳ ስለ ሸለምጥማጡ ለመናገር ተዘጋጅታለች፡፡