ከጦሳ ተራራ ሥር እስከ ኮምቦልቻ፦ የእንግሊዝኛ ድርሰት ትዝብቶች

1
ደሴ ፒያሳ የቆዩ የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተናዎች ከነመልሳቸው ተጠርዘው ይሸጣሉ። የጽሕፈት ጥያቄም አላቸው፦ የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮች ይሰጡና ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይመረጣል። ተፈታኙ ክቧን ያጠቁራል። በእጁ የሚጽፈው ዓረፍተ ነገር የለም።

2
መማሪያ መጽሐፉ ድርሰት ያስተምራል። "እሱን እለፉት፣ ፈተና ላይ አይመጣም" ይላል መምህሩ። ሻይ ቤት ሲቀመጥ፦ "የዘንድሮ ልጆች አንድ አንቀጽ አይጽፉም።"

3
ቀይ እስክሪብቶ የሚበዛበት ቦታ ይታወቃል። "አልዞ" (although) ብሎ የጀመረ ተማሪ መሐል ላይ "በት" (but) ይጨምራል። በአማርኛ "ምንም እንኳ ድሃ ቢሆን፣ ግን ደስተኛ ነው" ቢል የሚያርመው የለም። የሰው ስም በትንሽ ፊደል ይጽፋል፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ገጹ ሙሉ በኮማ ይነጉዳል፤ አማርኛው "ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ታክሲ ይዞ" እያለ ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ያቆየዋል። እንግሊዝኛው ግሱን ከባለቤቱ አጠገብ ይፈልገዋል። ልጁ ሥርዓት ባለው ቋንቋ እያሰበ ነው። ወረቀቱ ሲመለስለት ግን ስሕተቱ ተከብቧል፤ ለምን እንደተከበበ የጻፈለት የለም። ከስሕተቱ ይልቅ የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

4
ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "ኢንዱስትሪ ፓርኩ ለከተማው ልጅ ጠቅሟል፣ አልጠቀመም" ተባባሉ። ደመወዝ ጠሩ፤ የቤት ኪራይ ጠሩ፤ አንዱ እዚያ የምትሠራ እኅቱን ምሳሌ አደረገ። ሐረጎን አልፈን እንኳ አላባሩም። ባለ እኅቱ ለክፍል የጻፈውን ድርሰት አሳየኝ፤ ርዕሱ የኢንዱስትሪ ጥቅምና ጉዳት ነው። "በአሁኑ ጊዜ" ብሎ ይጀምራል፤ "ጥቅምም ጉዳትም አለው" ብሎ ያበቃል። እኅቱ የለችበትም።

5
ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የደሴ ልጅ በ1870 ዓ.ም. እዚሁ ቅርቡ የተካሄደውን የቦሩ ሜዳ ጉባኤም በእንግሊዝኛ ያነበዋል። አንዷን ተማሪ ስለ ጉባኤው ጻፊልኝ አልኳት፤ የመጽሐፉን ሦስት መስመር ከነሥርዓተ ነጥቡ ጻፈች። ንገሪኝ ስላት ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል የሆኑበትን ታሪክ፣ አያቷ የሚሉትንም ጨምራ፣ ከመጀመሪያው ተረከችልኝ።

6
መምህር አካለ ወልድ በቦሩ ሜዳ ሥላሴ ያስተማሩ ሊቅ ናቸው። ደሴ ትምህርት ቤት በስማቸው ሰይማለች። በቅኔ ቤት የሰው ቅኔ ማጥናት ብቻውን ቅኔ አዋቂ አያሰኝም። ተማሪው የራሱን ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያቃናለታል። በማግሥቱ ሌላ ይቆጥራል።

7
ኮምቦልቻ፣ ምሰሶ ላይ፦ "እንግሊዝኛ በ3 ወር አቀላጥፈው ይናገሩ!" ጽሕፈት እናስተምራለን የሚል አላገኘሁም።

8
አይኤልትስ ልትፈተን የምትዘጋጅ ነርስ አለች። በ40 ደቂቃ ቢያንስ 250 ቃል ያለው ድርሰት ይጠበቅባታል። የሰው ድርሰት በቃሏ ትይዛለች። እንዲህ ያለው ነጥብ እንደሚያስቀንስ ታውቃለች።
"ታዲያ ለምን?" አልኳት።
"የራሴን ብጽፍ ማን ያርምልኛል፣ ጋሼ?"

9
የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ነበሩ። ስለ ኩረጃ ብዙ ተወራ። ስለ መጻፍ ሲወራ አልሰማሁም።

10
አንድ መምህር በየሳምንቱ አንድ አንቀጽ ማጻፍ ጀምሮ ነበር። አምስት ክፍል ያስተምራል፤ በየክፍሉ 60 ልጅ። 300 ወረቀት ማለት ነው። ለአንዱ 5 ደቂቃ ቢሰጥ 25 ሰዓት ይፈጅበታል። ተወው። ሁለት ተማሪዎች ግን ሳይታዘዙ እየጻፉ ያመጡለታል። የእነሱን ያርማል።