ጎተራው ሲጎድል

ባሕር በሌለው አገር ተቀምጠን ስለ ሻርክ መጻፋችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገሩን ያነሳብን አንድ ተማሪያችን ነው።

በክፍል ውስጥ ስለ ዓሣ ሀብት ስናስተምር፣ በዓለም የሚጠመደው ሻርክና ጠፍጣፋው ዘመዱ ሬይ እ.ኤ.አ. በ2003 ከፍተኛ መጠን ላይ ደርሶ በቀጣዮቹ ዓመታት 20 በመቶ ያህል መቀነሱን ተናገርን። «ሰው መቆጠብ ጀመረ ማለት ነው» ብለንም አለፍን። የገበሬ ልጅ የሆነው ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ከጎተራ የሚወጣው እህል የሚያንሰው ስንቆጥብ ብቻ ነው? ሲያልቅስ?»

መልስ አጣን። ቤት ገብተን ስናነብ ልጁ ትክክል ሆኖ አገኘነው። ጉዳዩን የመረመሩ ምሁራን ለቅናሹ ይበልጥ ምክንያት የሆነው ቁጥጥሩ መሻሻሉ ሳይሆን ከልክ በላይ መጠመዱ ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናትም የውቅያኖስ ሻርኮችና ሬዮች ከ1970 ወዲህ 71 በመቶ መመናመናቸውን አሳይቷል። የሐይቆቻችን ቆሮሶ በዓመት ደጋግሞ ብዙ እንቁላል ይጥላል፤ አብዛኛው ሻርክ ግን ለመውለድ ዓመታት ይፈጅበታል፤ የሚወልደውም ጥቂት ነው።

ሙስሊም ወንድሞቻችን የሚኖሩባትን ማልዲቭስን እንመልከት። ከ1980 ጀምሮ ዓሣ አጥማጆቿ ጋልፐር የተባለውን የጥልቅ ባሕር ሻርክ ለጉበቱ ዘይት ሲሉ አጠመዱ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምርቱ አሽቆለቆለ። ያ የጎተራ መጉደል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን መንግሥቱ ሻርክ ማጥመድን በመላው የባሕር ክልሉ ከለከለ። ይህኛው መቆጠብ ነው። በ2025 ደግሞ ጋልፐርን ማጥመድ እንደገና እንደሚፈቀድ አስታወቀ።

በማግስቱ ተማሪዎቻችን ፊት ቆመን «ትናንት ተሳስተናል» አልን። ያው ልጅ ዳግም ጠየቀን፦ «ታዲያ ዓሣ አጥማጁ ምን ይብላ?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ልጆች የሚያሳድግን ሰው «ተው» ብሎ መሄድ ፍትሕ አይሆንም፤ ሌላ መተዳደሪያ ሊፈለግለት ይገባል። ማጥመድ ከተፈቀደም አስቀድሞ የቀረውን መቁጠር፣ ከሚወለደው በላይ አለመውሰድ፣ ልኩንም ማስከበር ያሻል። ዘሩን የበላ ገበሬ ለከርሞ ምን ይዘራል? አላህ በአደራ የሰጠን ባሕርም እንዲሁ ነው። ከእንግዲህ «የተጠመደው ቀነሰ» ሲባል ስንሰማ፣ ከመደሰታችን በፊት ጎተራው ውስጥ ምን እንደቀረ እንጠይቃለን።