ከመስኮቱ መውረድ

እስክስታ እወዳለሁ። ይህችን አጭር ዐረፍተ ነገር በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ላይ ለመጻፍ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ተወዛዋዥ አይደለሁም። መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ትከሻዬ ከከበሮው ጋር ከሚገጥምበት ጊዜ ይልቅ የሚዘገይበት ይበዛል። "አማተር" የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ "ወዳድ" ማለት ነው። እኛ አገር "ገና ያልበሰለ" ለማለት እንጠቀምበታለን። በሁለቱም ትርጉም እኔ የእስክስታ አማተር ነኝ።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ ከጣና ዳር ሩብ ሰዓት በማያስኬድ ሰፈር። በጥምቀት ሰሞን የገጠር ወጣቶች ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው እየዘለሉ ሲያልፉ እኛ ልጆች ከኋላ ከኋላ እንከተላቸው ነበር። ማታ ቤት ስገባ አባቴ ባዶ ጀሪካን ጭኑ መሃል አስቀምጦ እየመታ "እስቲ ያየኸውን አሳየኝ" ይለኛል። አባቴ አናጺ ነው። ቀኑን ሙሉ መጋዝ ሲገፋ የዋለ ትከሻ ማታ እንዴት እንዲህ እንደሚፈታ ይገርመኝ ነበር። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ወስዶ የደንገል ታንኳ አሳየኝ። "አየሃት? ማዕበሉን አትታገለውም፤ ትቀበለዋለች። ትከሻህንም እንደዚያ ተወው" አለኝ። የተማርኩት ትምህርት ይኸው ብቻ ነው።

11ኛ ክፍል ሳለሁ ጌታን ተቀበልኩ። ቤተሰቦቼ ኦርቶዶክሳውያን ናቸው፤ አዘኑ፣ ግን ከቤት አላስወጡኝም። እኔ ደግሞ የተለወጥኩ መሆኔን በሁሉም ነገር ማሳየት ፈለግሁ። አንድ ወንድም ገላትያ 5ን ገልጦ "ዘፋኝነት" የሚለውን ቃል አሳየኝ። የማያሻማ መሰለኝ። የነበሩኝን ዘፈኖች አጠፋሁ፤ ትከሻዬንም አብሬ ዘጋሁት።

ከዚያ የእህቴ ሰርግ መጣ። ጥር ነበር፤ ግቢያችን ውስጥ ዳስ ተጥሎ፣ ከበሮው ደምቆ፣ እልልታው ቀልጦ ነበር። አባቴ ክቡን አቋርጦ ትከሻውን እየሰበቀ ወደ እኔ መጣ። እስክስታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ፊታችሁ መጥቶ ትከሻውን ሲመታ ጥያቄ ነው። መልሱም በትከሻ ነው። እኔ ጫማዬን አየሁ። አባቴ ትንሽ ጠበቀኝ፤ ከበሮው አራት ወይም አምስት ጊዜ እስኪመታ ድረስ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ወደ አጎቴ ልጅ ዞረ።

ያን ዕለት ማታ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። አባቴ ነገሩን ዳግመኛ አላነሳውም። ጀሪካኑንም ከዚያ በኋላ ሲመታ አልሰማሁትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣቶች ኅብረታችን 2ኛ ሳሙኤል 6ን እንዳስጠና ተመደብኩ። የምንጠቀመው የ1954 ዓ.ም. ትርጉም ነበር። ዳዊት በታቦቱ ፊት ያደረገውን መጽሐፉ በየትኛው ቃል እንደሚጠራው ሳይ ደነገጥኩ፤ "ዘፈን" ይለዋል። ጥናቴን ትቼ ቃሉን መከተል ጀመርኩ። በዘጸአት 15 የአሮን እህት ማርያም ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ ከሴቶቹ ጋር የወጣችው በከበሮና በዘፈን ነው። መዝሙር 149 እና 150 እግዚአብሔርን በዘፈን እንድናመሰግነው ያዙናል። በሉቃስ 15 የጠፋው ልጅ ሲመለስ ከአባቱ ቤት የተሰማውም ዘፈን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በግእዝ "ዘፈነ" ማለት በአካል መጨፈር ነው። ዛሬ በአማርኛችን ቃሉ ወደ ዓለማዊ ዜማ ዞሯል። በገላትያ 5 "ዘፋኝነት" ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል "ኮሞስ" ደግሞ በስካርና በልቅነት የሚደረግ ፈንጠዝያን የሚያመለክት ነው። አንድ የአማርኛ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ተሸክሞ ኖሯል ማለት ነው። ይህን ስል ጳውሎስ የከለከለው ተፈቅዷል ማለቴ አይደለም፤ ስካሩም ልቅነቱም ዛሬም ኃጢአት ነው። በእህቴ ዳስ ውስጥ ጠላ አልነበረም ልላችሁም አልችልም። ነገር ግን አባቴ ፊቴ ቆሞ የጠየቀኝ ጠላ እንድጠጣ አልነበረም።

በዚያው ምዕራፍ ሜልኮል አለች። ንጉሡ ሕዝቡ መሃል ሲዘል እሷ ከላይ በመስኮት ትመለከታለች፤ በልቧም ትንቀዋለች። በሉቃስ 15 ደግሞ ታላቁ ወንድም አለ። እሱ በር ላይ ቆሞ አልገባም ይላል። ሁለቱም ከደስታው ውጭ ናቸው፤ ሁለቱም ትክክል የሆኑ ይመስላቸዋል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች "እስክስታ ወረደ" እንላለን። ንጉሡ ወረደ፤ ሜልኮል አልወረደችም። በሰርጉ ዕለት እኔ የቆምኩት ከዳዊት ጋር ሳይሆን ከሜልኮል ጋር፣ መስኮቱ ላይ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

መግባት አንድ ነገር ነው፤ መውረድ ሌላ። አባቴን ይቅርታ ልጠይቀው እያሰብኩ ዓመት አለፈ። ባለፈው ክረምት ግን ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ አልንቀሳቀስ አለ። ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት በተኛ በሦስተኛው ሳምንት ብቻችንን ቀረን። ንግግሩ ከብዶታል፤ እኔም ያዘጋጀሁት የይቅርታ ቃል ከጉሮሮዬ አልወጣ አለኝ። ጓዳ ገባሁና ቢጫውን ጀሪካን ይዤ መጣሁ። በአንድ እጄ እየመታሁ አልጋው ፊት ትከሻዬን አንቀሳቀስኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ የተዘጋ ትከሻ ነው፤ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነበር። አባቴ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ የግራ ትከሻው፣ ጥቂት ብቻ፣ ከፍ ዝቅ አለ።

"መጣህ?" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እስክስታ ወደ ሕይወቴ ተመልሷል። ቅዳሜ ከመዝሙር ልምምድ በኋላ አምስት ስድስት የምንሆን ወጣቶች አዳራሹ ውስጥ እንቀራለን፤ ባህላዊ ምት ያላቸውን መዝሙሮች ከፍተን እንለማመዳለን። ለማንም አናሳይም። ባልችልበትም ነገር ሰው ፊት መቆምና አብሮ መሳቅን እዚያ ተማርኩ። እስክስታ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ማየት ይጠይቃል፤ ሳታዩት ልትመልሱለት አትችሉም። ወንድሜን በዚያ ዓይን ካየሁት በኋላ ማኩረፍ ይከብደኛል። ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው ስንባል እኛ የምናስበው ማድረግ የሌለብንን ብቻ ነው። በቤተ መቅደስ ግን ምስጋናም ይቀርባል።

ይህን አንብባችሁ ሁላችሁም ተነሡና ጨፍሩ አልላችሁም። ጌታ ከመጠጥ ቤት ያወጣው አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ለእሱ ከበሮ የሚያስታውሰው ብርጭቆን ነው። እሱ ባለበት አልጨፍርም። ሮሜ 14 ያስተማረን ይህን ነው፤ ለእሱ ስል መተዌም ፍቅር ነው። የምለምናችሁ ግን የምትተዉበትን ምክንያት እንድትመረምሩ ነው። ለወንድማችሁ ስትሉ ነው? ወይስ እንደ እኔ፣ ንጹሕ ሆናችሁ ከላይ ለመታየት?

አባቴ አሁንም በሽተኛ ነው። እሑድ ከአምልኮ ስመለስ ጀሪካኑን አልጋው አጠገብ አገኘዋለሁ፤ ሁለታችንም በግራ ትከሻ ብቻ እንጨፍራለን። ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን መጥቶ አያውቅም። ነገር ግን ባለፈው እሑድ "ዛሬ ምን አስተማሯችሁ?" ብሎ ጠየቀኝ። ካመንኩ ጀምሮ እንዲህ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። ቁጭ ብዬ ነገርኩት፤ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

በዳሱ መሃል ቆሞ የሚጠብቃችሁ ሰው ካለ፣ ትከሻው ሳይደክም ውረዱ። ጌታ ይባርካችሁ።