ብረቱ የአያት፣ መስታወቱ የአባት

አማርኛ ለጠመንጃ ስም ሲያወጣ እንደ ልጅ ነው። መሣሪያው ከባሕር ማዶ ሲመጣ የፋብሪካውን ስም ይዞ ይገባል፤ በአገሬው አፍ ውሎ ሲያድር ግን ስሙ ይሞረዳል፣ ይለዝባል፣ በመጨረሻም የኛ ይሆናል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ስናይደር ታጥቆ ነበር፤ እኛ «ሰናድር» አልነው። የ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሥሪት የሆነው፣ አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርሰው ግራ፣ «ውጅግራ» ሆነ። ማውዘርን «ናስማስር» አልነው። ቤልጅጎች የሠሩት ደግሞ የአገሩን ስም ወርሶ «ቤልጅግ» ተብሎ ቀረ። የኦስትሪያው ማንሊኸርም በፎካሪው አፍ «ምንሽር» ተባለ።

የግጥም ወዳጅ ይህን ሁሉ የብረት ስም ሲሰማ «ምን አገባኝ» ሊል ይችላል። ግን ያገባዋል። በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ በግመል ቅፍለት ከሁለት ሺህ በላይ ጠመንጃ ጭኖ ሸዋ የገባውና እንጦጦ ላይ ለንጉሥ ምኒልክ ለመሸጥ የተደራደረው ነጋዴ አርቱር ራምቦ ነበር። ገና በሃያዎቹ መባቻ ግጥምን እርግፍ አድርጎ የተወው፣ የፈረንሳይን ሥነ ግጥም ከሥሩ ያናወጠው ራምቦ። ያመጣቸው ጠመንጃዎች ያኔም ቢሆን ጊዜ ያለፈባቸው ነበሩ፤ ትርፉም እንዳሰበው አልሆነለትም። የባለቅኔውን የንግድ ደብዳቤዎች ያነበበ ሰው ዕዳና ሒሳብ፣ ግመልና ጥይት እንጂ አንዲት የግጥም ስንኝ አያገኝባቸውም።

ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ መርካቶ አቅጣጫ የሚወርድ መንገደኛ የሚያልፍበት ድልድይም የሚጠራው በአንድ የጦር ሰው ስም ነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በፈረስ ስማቸው አባ መላ፣ በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የመሐል አገሩን ጦር ከመሩት አንዱ ነበሩ፤ በ1919 ዓ.ም. አረፉ። በፍርድ አዋቂነታቸው የሚነገረው ጨዋታ ዛሬም አላለቀም። በዚያ ሰፈር ያረጀ ዕቃ ያለው ቤተሰብ ሁሉ፣ ዕቃውን እንደምንም ብሎ ከፊታውራሪው ጋር ማዛመዱ አይቀርም።

እኔ ጠመንጃ አንግቤ አላደግኩም። እንጀራዬ የካሜራና የአቅርብ መነጽር ጥገና ነበር፤ ፒያሳ ውስጥ ከአንድ ፎቶ ቤት ጓዳ ተቀምጬ ስንቱን ሌንስ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ለዘመናት ያልተከፈቱ ሣጥኖች ተከፈቱ። ከዶሮ ማነቂያ ተነሥተው ድልድዩ አጠገብ ወደሚኖሩት እህታቸው ቤት የተጠጉ አንዲት አዛውንት በልጃቸው በኩል የጠሩኝ ያን ጊዜ ነው። ከአልጋው ላይ በነጠላ የተጠቀለለ የአደን ጠመንጃ ተጋድሟል፤ በላዩም ዐይኑ የደበዘዘ የማነጣጠሪያ መነጽር ተሰክቷል።

ጉዳዩ የጨዋታ አልነበረም። ጠመንጃው የተመዘገበው በሟቹ ባለቤታቸው ስም፣ በአሮጌ ወረቀት ነው። ወረቀቱም «ምንሽር ከነመነጽሩ» ብቻ ይላል። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ቀርቦ የመሣሪያውን ዓይነትና ቁጥር በትክክል ማስረዳት አለበት። በሌላ በኩል፣ «ሁሉም ነገሩ የጥንት ከሆነ በሕጋዊ መንገድ አስፈቅጄ ጥሩ ዋጋ እከፍላለሁ» ያለ ሰው አለ። የልጁም ክርክር ሁለት ነበር።

«ጋሼ፣» አለኝ፣ «ወረቀቱ ተሳስቷል። ምንሽር የጣልያን ወታደር የሚይዘው ነው፤ ይኼ የአደን መሣሪያ ነው። መነጽሩ ግን ፊታውራሪ ለአያቴ ከነጠመንጃው የሸለሟቸው ነው። ይህን ጽፈው ቢሰጡኝ ይበቃኛል።»

እናቱ ምንም አልተናገሩም።

ጠመንጃ የሚታየው ባዶነቱ ሲረጋገጥ ነው። አፈሙዙን ወደ ግድግዳ አዙሬ መቀርቀሪያውን ከፈትሁ፤ ጥይት የለበትም። የመቀርቀሪያው እጀታ እንደ ሌሎቹ ጫፉ ላይ ክብ ፍሬ የለውም፤ እንደ ቅቤ ቢላ ጠፍጣፋ ነው። ወደ ኋላ ሲሳብ እጀታው ከላይ ለሁለት በተከፈለ ብረት መሐል ያልፋል፤ ባለሙያዎች ይህን ክፍል «ድልድይ» ይሉታል። የጥይት ካዝናውን በጣቴ ስነካው ዞረ። አምስት ጥይት በክብ የሚያቅፍ ተሽከርካሪ ካዝና ነው። እንጨቱ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ድረስ ለብሷል፤ በሰደፉ ብረት ላይም መወልወያ ዘንግ የሚቀመጥበት ትንሽ በር አለ። ቅባቱን በጨርቅ ስጠርግ በስተግራ የኦስትሪያው የሽታይር ጦር መሣሪያ ፋብሪካ የድሮ ስም ወጣ። ፋብሪካው ያን ስም የለወጠው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነው፤ ስለዚህ ጠመንጃው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

ይህ ማንሊኸር ሾናወር ይባላል፤ በ1903 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ባለ 6.5 በ54 ጥይት። ፈርዲናንድ ማንሊኸርና ኦቶ ሾናወር የደከሙበት፣ በአፍሪካ አዳኞች ዘንድ የተወደደ መሣሪያ ነው። ሥነ ጽሑፍ ወዳጁ ሳያውቀው ያውቀዋል፤ ሄሚንግዌይ በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የፍራንሲስ ማኮምበር ታሪክ ውስጥ ሚስት በባሏ ላይ የምትተኩሰው በ6.5 ማንሊኸር ነው፤ ጎሹን ነው ወይስ ባሏን ያለመችው የሚለው ክርክርም እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

እንግዲህ ወረቀቱ አልተሳሳተም። የጣልያኑ ካርካኖ «ማንሊኸር ካርካኖ» የተባለው የጥይቱ ማጎሪያ በማንሊኸር መላ ስለተሠራ ነው፤ ስሙን በከፊል ተውሷል። በአልጋው ላይ ያለው ግን የስሙ ባለቤት ነው። መጽሐፍ ያልገለጡ ሰዎች በአፋቸው ብቻ ያቆዩት «ምንሽር» የፋብሪካውን ስም ከመቶ ዓመት በኋላም በትክክል ይናገራል። ለልጁ አንድ ነገር አጥብቄ ነገርኩት፦ የሁለቱም ጥይት ውፍረት 6.5 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ቀለሃቸው ይለያያል፤ የአንዱን በሌላው አጉርሶ መሞከር አደጋ ነው።

በርሜሉን በባትሪ አየሁት፤ ጥምዝ ቦዮቹ አሉ፣ ግን ዝገት በልቷቸዋል። የዱሮ ጥይት መለኰሻው ጨው ይተዋል፤ ከተተኰሰ በኋላ ወዲያው በውኃ ካልታጠበ ብረቱን ይበላል። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በናስ ሽቦ ታስሯል። አሳሳሩ ያማረ ነው፤ የጠገነው ሰው ይወደው እንደነበር ያስታውቃል።

ከዚያ ወደ መነጽሩ፣ ወደ እኔ አገር መጣሁ። የአሮጌ መነጽር ሕመሙ ሦስት ነው። አንደኛው ሻጋታ ነው፤ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል፣ ብዙ ከቆየም መስታወቱን ራሱን ይፍቀዋል። ሁለተኛው ሁለት መስታወት የተጣበቀበት ሙጫ ሲላቀቅ የሚታየው የዘይት ጠብታ የመሰለ ቀለም ነው። ሦስተኛው ጭጋግ ነው፤ የውስጥ ቅባት ተንኖ ያለብሰዋል። ይህኛው ሻጋታና ጭጋግ ነበረበት፤ ሙጫው ግን ደኅና ነው። ሦስቱ የዒላማ ዘንጎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። የርቀት ማስተካከያዋ እንዝርት ትዞራለች፤ ጠመንጃው ላይ የሚይዙት የብረት ጥፍሮች ግን ይንገዳገዳሉ። ለአደን አይታመንም፤ በራሱ ዕቃነት ግን የሚከበር ነው። «አትፍቱት፣ በአልኮልም አትፈትጉት» አልኳቸው።

ቀጥሎ መስኮቱን ጋርጄ አንዲት አምፖል አበራሁ። ይህ የካሜራ ጠጋኞች የድሮ ፈተና ነው። እያንዳንዱ የመስታወት ገጽ የአምፖሉን ምስል ይመልሳል፤ ቅብ የሌለው መስታወት ከመቶ አራት እጅ ያህሉን ብርሃን በነጭነቱ ይመልሳል። አሥር ገጽ ቢኖር የብርሃኑ ሲሶ ባከነ ማለት ነው፤ ማታ ለዐይን ያዝ ሲያደርግ ላነጣጠረ አዳኝ ያ ሲሶ ብዙ ነው። በዘይስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ይህን ብክነት የሚቀንስ ስስ ቅብ የፈለሰፈው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለአዳኞች መነጽር በሰፊው የተዳረሰው ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እንዲህ ያለው መስታወት ብርሃንን ወደ ሰማያዊና ወይን ጠጅ አዝማሚያ ቀይሮ ይመልሳል።

አምፖሏ በመነጽሩ ውስጥ ወይን ጠጅ ሆና ታየች።

ለልጁ ያየሁትን ሳልሸፋፍን ነገርኩት። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ያረፉት በ1926 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህ ቅብ ያኔ በዓለም ላይ አልነበረም። ጠመንጃው በዕድሜው የአያትህ ሊሆን ይችላል፤ ከማን እጅ እንደተቀበሉት ግን ብረቱ አይናገርም። መነጽሩ ግን የእሳቸው ሊሆን አይችልም። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። የገዢው ዋጋ ብቻ አልነበረም የወደቀው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው ተረት ነው ከእጁ ያመለጠው።

እናቱ ያን ጊዜ ተናገሩ።

«አባትህ ነው ያመጣው» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። «ባሌ አገር ፈረንጆቹን የደጋ አጋዘን ያሳድን በነበረ ጊዜ፣ አንዱ ሲሄድ ከደመወዙ ላይ ጨምሮ ሰጠው። ፒያሳ አምጥቶ አሰቀለው። በጥፍሮቹ ዋጋ የሁለት ወር አስቤዛ ሄዶ ተጣላን።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«አያትህ ሁሉም የፊታውራሪ ነው እያሉ ለእንግዳ ሲያጫውቱ አባትህ ዝም ይል ነበር። አባቱን በሰው ፊት ውሸታም ያድርግ? እሱ ዝም ያለውን እኔ ምን ብዬ ልናገር!»

ቅርስ የምንለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በዕድሜው ነው፤ የጠጣ ሁሉ ከተከለው ሰው ይልቅ ምንጩን ያወድሳል። በዚያ ቤት የአያት ክብር አድጎ አድጎ የአባትን ድካም ውጦት ኖሯል። በአርባኛው ዓመት ከነነጠላው ቢፈታ፣ የቤተሰቡ ተረት በአንድ በኩል ጎድሎ በሌላው በኩል ሞላ። አንድ ጀግና የተባለ ዕቃ ሁለት ሰው ሆነ፦ አንዱ በጦርነት ዘመን ብረቱን ያቆየ፣ ሌላው በሰላም ዘመን በብርድና በጭቃ ተራራ ወጥቶ ሠርቶ መስታወቱን ያመጣ።

ወረቀቱን ልጁ ራሱ ጻፈው፤ እኔ የፊደሉን አጻጻፍ ብቻ አረምኩ። በመጀመሪያው መስመር «ምንሽር፣ ማንሊኸር ሾናወር፣ የሽታይር ሥራ» ብሎ ቁጥሩን አስከተለ። በሁለተኛው መስመር መነጽሩን ለብቻው መዘገበ፤ «ያመጣው» ከሚለው ቃል ቀጥሎም የአባቱን ስም ከነአባቱ ጻፈ። ገዢው ስልክ ደውሎ ነበር፤ ልጁ አላነሣውም።